«ውሃው ይጠጣ ነበር» ብዬ ቆርጬ «ውሃው ይጠጣ ነበር» ሆነብኝ

የድምፅ ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች ግማሾቹ ያው እንደተለመደው «በዚህ ብር ምን ማይክ ልግዛ» የሚሉ ናቸው፣ እሱን ባለፈው ስላወራን ዘልያቸዋለሁ ቅር እንዳትሉኝ። አንዷ የላከችው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን ሲያስቀኝ ሰነበተ፣ እና የዛሬውን ገጽ አብዛኛውን እሱ ቢበላው አይፈረድብኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነህ? እኔ እዚሁ አቶቴ አካባቢ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ፖድካስት ጀምረን የከተማውን ሽማግሌዎች እየቀዳን ነው። አሞራ ገደል ሄደን አንድ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አባት አናገርን፣ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ «ያኔ እኮ ውሃው ይጠጣ ነበር» አሉን፣ ማለት ሰዉ ከሐይቁ እየቀዳ ይጠጣው ነበር ለማለት ነው። እኔ ቤት ገብቼ ኦዳሲቲ (ድምፅ መቁረጫና ማስተካከያው ሶፍትዌር) ላይ ሳስተካክል አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን «ትራንኬት ሳይለንስ» የሚለውን ኢፌክት ጫንኩበት፣ ዝምታውን ሁሉ በአንዴ ቆራረጠልኝ፣ ሰዓቱም አጠረ፣ ደስ አለኝ። አክስቴ ስትሰማው ግን «ውሃው ምንድነው ይጠጣ የነበረው፣ አረቄ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ደጋግሜ ስሰማው እውነትም ውሃው ራሱ ጠጪ ሆኗል! ዌቭፎርሙን (ድምፁ በሞገድ ተስሎ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን) ዙም አርጌ ባየው ባየው የቱ ጋ እንደተበላሸ አይታየኝም። ምን ሆኖ ነው? ደግሞ «ስክረብ አርጊ» ያለኝ ልጅ አለ፣ እሱስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ለአክስትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ እንደሷ ዓይነት ጆሮ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ማግኘት ዕድል ነው፣ ወደሷ ኋላ እመለሳለሁ።

ምን መሰለሽ የሆነው። እስቲ አሁን ቁጭ ባልሽበት «ሰውዬው ይጠጣ ነበር» በዪ፣ ከዛ «ውሃው ይጠጣ ነበር» በዪ፣ ቀስ ብለሽ። በሁለተኛው ላይ የመጀመሪያዋ ጠ ጋ ስትደርሺ ምላስሽ ላይኛው ድድሽ ላይ ተለጥፎ ቆየት ይላል አይደል? በዛች ቅጽበት አየር የለም፣ ድምፅ የለም፣ ምንም የለም፣ ከዛ ነው ጠ ብላ የምትፈነዳው። ላልቶ ሲነገር ቆይታዋ አጭር ናት፣ ጠብቆ ሲነገር ትረዝማለች፣ «ጠጪ» እና «ተጠጪ» የሚለዩት በዛች ቆይታ ነው። ዌቭፎርሙ ላይ ደግሞ ያቺ ቆይታ ምን ሆና ነው የምትታየው? ቀጥ ያለች መስመር። ኢፌክቱ መስመሯን አየና ሰውየው ዝም ብለዋል ብሎ ገመጣት፣ ጠብቆ የነበረው ላላ፣ ውሃው ጠጪ ሆነ።

ለዚህ ነው ዙም አርገሽ ብታይ ብታይ ያልታየሽ፣ ምክንያቱም የተበላሸ ነገር የለም እኮ! ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፣ ሲፃፉም አንድ ናቸው፣ ፊደላችን መጥበቅ መላላቱን አያሳይም። በዚሁ ምክንያት አሁን የመጡት ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ቀይረው ጽሑፉን እየሰረዛችሁ ኢዲት አርጉ የሚሉት ሶፍትዌሮችም እዚህ ላይ አያድኑሽም፣ ጽሑፉ ላይ «ይጠጣ ነበር» ብሎ ቁጭ ይላል፣ የቱ እንደሆነ አንቺ ራስሽ ካልሰማሽው በቀር።

ሁሉም ፊደል ደግሞ እኩል አይጎዳም። ገና (የበዓሉ) እና ገና (ያልደረሰው)፣ ዋና (አለቃው) እና ዋና (የሐይቁ)፣ እነዚህ ላይ የምትጠብቀው ነ ስለሆነች በቆይታዋ ውስጥ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለ፣ ሶፍትዌሩ ዝምታ ነው ብሎ አይነካትም። አደጋው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ተ፣ ከ ላይ ነው፣ አፍ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋባቸው ላይ። የእኛ አማርኛ ደግሞ በነሱ የተሞላ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያሳየሽ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ነው መቼም የሚያስተምረው፣ በሱ ቋንቋ አንድን ድምፅ ማጥበቅና ማላላት እንዲህ የቃል ትርጉም አይገለብጥም፣ ስለዚህ እንዳሻው ቢያጨማድደው ምንም አይመስለውም። ኦዳሲቲ ራሱ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው ቁጥር ግማሽ ሰከንድ ነው፣ ከዛ ያጠረ ዝምታ አይነካም፣ በግማሽ ሰከንድ የሚጠብቅ ጠ ደግሞ የለም። እርግጠኛ ነኝ አንቺ ቁጥሩን በጣም አውርደሽዋል። ሌላው «ትሬሾልድ» የሚለው ነው (ከሱ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ እንደ ዝምታ ይቆጠራል)፣ ሲመጣ ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ላይ ነው የሚቆመው፣ እሱ ለሽማግሌ ድምፅ በጣም ከፍተኛ ነው፣ አባባ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል አይደል፣ ያንን ሁሉ ዝምታ ነው ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። ከዜሮ በታች 40 ወይ 45 ድረስ አውርጂው፣ ቆይታውን ከግማሽ ሰከንድ በታች አታርጊው፣ ከዛ የተረፈውን በእጅ።

በእጅ ስልሽ አሁን ወደ ስክረብ እንምጣ።

እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው «ኩል ኤዲት» ነበር፣ ያው በ2003 እ.ኤ.አ. አዶቤ ገዝቶት «ኦዲሽን» የሆነው። ያስተማሩኝ ሰው ግን ዕድሜያቸውን በሪል ማሽን (ቴፑ በሁለት ትልልቅ ጥቅሎች ላይ የሚዞርበት የድሮ መቅጃ) የጨረሱ ቴክኒሻን ነበሩ፣ ማሽኗ አቧራ ለብሳ ጥግ ላይ ነበረች፣ አንድ ቀን አስነስተው አሳዩኝ። ሁለቱን ሪሎች በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቴፑን ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ፣ ወደፊት ትንሽ ያወዛውዙታል፣ ልክ ህፃን እንደሚያባብል ሰው። ድምፁ «ዉዉዋ... ዋዉዉ» እያለ ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። የሚፈልጓት ቦታ ጋ ሲደርሱ ቆም፣ ከጆሯቸው ኋላ ቢጫ የሰም እርሳስ አውጥተው ማንበቢያው ሄድ ላይ ያለችውን ነጥብ በቴፑ ጀርባ ምልክት ያረጉባታል፣ ከዛ ቴፑን አውጥተው በምላጭ ይቆርጣሉ። ምላጩ ራሱ ማግኔት ከያዘ ቆረጣው ላይ ቋ የሚል ድምፅ ስለሚተው እሱንም ማግኔቱን ያወጡለት ነበር። የተቆረጠችውን ቁራጭ አይጥሏትም፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ይለጥፏታል፣ ከንትሮል ዜድ የለማ!

እንግዲህ ያ ማወዛወዝ ነው ስክረብ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ያንን ለመምሰል የተሠራ ነው፣ ማውሱ እጅሽ ነው፣ ድምፁ ላይ የሚሄደው መስመር ደግሞ ሄዱ።

ሪሉን ያነሳሁት ለናፍቆት አይደለም። ቴፕ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ሲሄድ፣ የሰከንድ አንድ አሥረኛ የቆየች ዝምታ ወደ 2 ሴንቲሜትር ቴፕ ነች፣ በ38 ሲሄድ ወደ 4 ሴንቲሜትር። ማለት ያቺ የአንቺ ጠ ዝምታ ለሳቸው በሁለት ጣት የምትያዝ ዕቃ ነበረች፣ እንዴት አርገው ሳያውቁ ይጥሏታል? እኛ ጋ ሁለት ሰዓት ቀረጻ ስክሪኑ ላይ አንድ ክንድ ስለሚያህል ዝምታዋ የፀጉር ስንጥቅ ሆና ቀረች።

ኦዳሲቲ ላይ ቀላሉ መንገድ ኪቦርዱ ነው። ከርሰሩን ቃሉ አጠገብ አስቀምጪና «አይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ጫን አርገሽ ያዢው፣ ወደፊት እየጎተተ ያሰማሻል፣ «ዩ» ደግሞ ወደኋላ፣ ስትለቂው ይቆማል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ በሁለት ጣት ወዲያ ወዲህ ማለት ትችያለሽ፣ ልክ እንደ ሪሉ። ዙም ባረግሽ ቁጥር ጉተታው እየዘገመ ይሄዳል፣ ስለዚህ ፍጥነቱን የምትቆጣጠሪው በዙሙ ነው። በማውስ ለሚፈልግ ከላይ ሰዓቱ ካለበት ሩለር ጋ ተያይዞ የሚከፈት «ስክረብ ሩለር» አለ፣ ሜኑ ውስጥ ያለበት ቦታ ከቨርዥን ቨርዥን ስለሚቀያየር ፈልጊው። እዛው «ሲክ» የሚል ሌላ አለ፣ አታምታቺው፣ ሲክ ድምፁን አያዘገየውም፣ በኖርማል ፍጥነት እየዘለለ ነው የሚያሰማው፣ የድሮ ሲዲ ማጫወቻ ፈልግ ሲባል ጠ-ጠ-ጠ እያለ እንደሚዘልለው። ከሁለት ሰዓት ቀረጻ ውስጥ አባባ ስለ ሐይቁ ያወሩበትን ቦታ ለማግኘት ሲክ፣ ቦታው ከተገኘ በኋላ ፊደሏን ለመያዝ ስክረብ። ኦዲሽን ያለው ሰው «ጄ» እና «ኤል» ፊደሎችን ይጠቀም፣ ፕሮቱልስ ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ «ስክረበር» የሚባል ቱል አለ።

አሁን አንድ ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ፣ በጣም ቀስ ማለት ጥሩ አይደለም። ድምፅ በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ የሴት ድምፅ ወንድ ይሆናል። በአንድ አሥረኛ ፍጥነት ስትጎትቺው ደግሞ በ100 ኸርዝ የሚወዛወዝ የአባባ ጉሮሮ 10 ኸርዝ ይሆናል፣ የሰው ጆሮ ከ20 በታች አይሰማም፣ ስለዚህ አናባቢው ጠቅላላ ይጠፋብሽና አንድ አንድ እየተባለ የሚቆጠር ጠቅ ጠቅ ብቻ ይቀራል። ሰ እና ሸ ግን ሺዎች ውስጥ ስላሉ ወደ አንድ አሥረኛም ቢወርዱ መቶዎች ውስጥ ናቸው፣ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ለኔ የሚመቸኝ ከሲሶ እስከ ግማሽ ፍጥነት ነው፣ በዚህ ውስጥ አናባቢው ሲያልቅ፣ ዝምታው ሲጀምር፣ ጠ ስትፈነዳ ሦስቱም ለየብቻ ይሰማሉ፣ ጠ ራሷ እንደ ትንሽ ከበሮ ዱብ ትላለች።

ይሄን ሁሉ ደግሞ በብሉቱዝ ሄድፎን አትሞክሪው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዱም ከዛ በላይ አዘግይቶ ነው የሚያደርስሽ፣ እጅሽ ጠ ላይ ሲቆም ጆሮሽ ገና ከሷ በፊት ያለውን እየሰማ ነው፣ መቆረጫሽ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ዝንፍ ይላል። መናኸሪያ አካባቢ ከሚሸጡት ባለ ገመድ ሄድፎን ርካሹም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከውድ ብሉቱዝ ይሻላል። በላፕቶፑ ስፒከርም አይሆንም፣ ያቺ ትንሽዬ ስፒከር ዝቅ ያለውን ድምፅ አታወጣውም፣ ስክረብ ስታረጊ ደግሞ ሁሉም ነገር ዝቅ ነው የሚለው።

ለተበላሸው ቃል፣ ኦሪጅናሉ ካለሽ (አለኝ በይኝ!) ያንን ቃል ብቻ ከሱ መልሰሽ አምጪ። ከጠፋ ዝምታዋን መልሰሽ መስፋት አለብሽ፣ ግን «ጀነሬት ሳይለንስ» ብለሽ ባዶ ዝምታ እንዳትከቺ! አሞራ ገደል የቀዳሽው እኮ ንፋስ አለው፣ ጀልባ አለው፣ ዓሣ የሚቆርጡት ልጆች ጫጫታ አለ፣ እነዛ ትልልቅ ወፎች አሉ። አባባ አፋቸውን ለጠ ሲዘጉ ሐይቁ አብሮ አልተዘጋም። ባዶ ዝምታ ካስገባሽ ከኋላ ያለው ሁሉ በአንዴ ቀጥ ብሎ እንደገና ይነሳል፣ ሰሚው ምን እንደሆነ ባያውቅም የሆነ ቀዳዳ እንዳለ ይሰማዋል። ስለዚህ ከዛው ቀረጻ፣ አባባ ትንፋሽ ሳይወስዱ ዝም ካሉበት ቦታ፣ ትንሽዬ ኮፒ አርጊና ጠ ከመፈንዳቷ በፊት ለጥፊ። ምን ያህል ለሚለው ቁጥር አልሰጥሽም፣ ሰው ሁሉ የራሱ ፍጥነት አለው፣ እሳቸው ራሳቸው ሌላ ቦታ ጠ ወይ ቀ ያጠበቁበት ቃል ፈልጊ፣ «ወጣ» ወይ «በቃ» ያሉበት አይጠፋም፣ ስክረብ አርገሽ ዝምታውን ለኪና ያንን አስቢ።

ሲያልቅ አንቺ አትፍረጂ። ምን እንዳሉ ስለምታውቂ ጆሮሽ የጎደለውን ራሱ እየሞላ ያሰማሻል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ያላስተዋልሽው። አክስትሽን ጥሪያት፣ ምንም ሳትነግሪያት አሰሚያት፣ አረቄ ካላለች ጨርሰሻል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ እኔ ሰርግ ላይ ሳውንድ ነው የምሠራው፣ ላፕቶፕና ሚክሰር ይዤ። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው ኤምሲው «ልቀቀው» ሲለኝ ፕሌይ እጫናለሁ፣ ዘፈኑ ግን ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከመሀል ይጀምራል። ሚክሰሬ ላይ «ኪው» የሚል በተን አለ፣ ነክቼው አላውቅም እውነቱን ለመናገር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነክተኸው አለማወቅህ ነው እኮ ችግሩ ወንድሜ። ያ በተን (አንዳንዱ ሚክሰር ላይ «ፒኤፍኤል» ተብሎ ነው የሚፃፈው) የዛን ቻናል ድምፅ ፌደሩ (ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማንሸራተቻ) ተዘግቶ እያለ ለሄድፎንህ ብቻ ያሰማሃል። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ዘፈን እየተጫወተ አንተ ቀጣዩን በጆሮህ ሰምተህ፣ መጀመሪያዋን ድምፅ አግኝተህ፣ እዛው ላይ አቁመህ ትጠብቃለህ። ኪው የሆነ ዘፈን ማለት ተራውን የሚጠብቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ የተዘጋጀ ማለት ነው፣ እንደ ሙሽሮቹ።

የሸክላ ጊዜ ዲጄዎች ይሄን በእጅ ነበር የሚያረጉት፣ መርፌውን ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ አስቀምጠው ሸክላውን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዙ የመጀመሪያዋን ምት ያገኛሉ (ይኸው ስክረብ እንደገና መጣ)፣ ከዛ ሩብ ወይ ግማሽ ዙር ወደኋላ ይመልሱታል፣ ምክንያቱም ሳህኑ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ካልመለሱት ዘፈኑ እያዛጋ ይጀምራል። ሬዲዮ ጣቢያዎች ውስጥ የነበሩት የማስታወቂያ ካርትሪጆች ደግሞ ቴፑ ላይ ሰሚው የማይሰማው የ1,000 ኸርዝ ምልክት ነበራቸው፣ ቴፑ ዞሮ ዞሮ እዛ ምልክት ጋ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ኪው ሆኖ ይጠብቃል። ላፕቶፕህ ይሄን ሁሉ ስለማያረግልህ ቀድመህ ቤትህ ታረገዋለህ።

ከሰርጉ በፊት ባለው ማታ ለመግቢያ፣ ለኬክ፣ ለመውጫ የምትፈልጋቸውን ብቻ ኦዳሲቲ ላይ ክፈታቸው። መጀመሪያ ያለውን ዝምታ በስክረብ ሰምተህ ቁረጠው፣ ግን የመጀመሪያዋን ምት ጉሮሮዋ ላይ ይዘህ አትቁረጥ፣ ማሲንቆ ወይ ዋሽንት የሚጀምረው ዘፈን ላይ ድምፁ ከምንም ተነስቶ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ዌቭፎርሙ ላይ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከበሮ የሚጀምረው ላይ ዓይንህን ብታምነው ግድ የለም፣ ግድግዳ መስሎ ይታያል። ሴቭ ስታረግ በዋቭ ይሁን፣ ኤምፒ3 ስትቀይረው ራሱ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምርብሃል፣ ሚሊሰከንዶች ናት ግን ለምን ትጨምር። ፋይሎቹን «01 መግቢያ»፣ «02 ኬክ» እያልክ ስም ስጣቸው፣ በጨለማ ውስጥ ጭስ ማሽኑ እየነፋብህ የዘፈን ርዕስ አታነብም።

ማርከር መጠቀም የምትፈልግ ከሆነ ኦዲሽን ላይ «ኤም» ስትጫን ድምፁ እየሄደ ምልክት ያረግልሃል፣ ምልክቶቹም ከዋቭ ፋይሉ ጋር አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ኦዳሲቲ ላይ ከንትሮል እና «ኤም» ነው፣ ሌብል ይለዋል፣ ሲወጣ ግን ለብቻው እንደ ቴክስት ፋይል ነው የሚወጣው።

እና ደግሞ ዋይፋዩን አጥፋ፣ ስልክህንም ከሚክሰሩ ንቀል። እኔ አንድ ሰርግ ላይ ኔት አለ ብዬ ዘፈኑን ቀጥታ ከኢንተርኔት ለቀቅኩት፣ ሙሽራዋ ቬሏን ይዘውላት በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ በሙሉ ድምፅ የሳሙና ማስታወቂያ ወጣ። የሙሽራዋ አባት እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ሳሙናው» ነው የሚሉኝ።

ጥያቄ፦ ቆርጬ ባገጣጠምኩ ቁጥር መጋጠሚያው ላይ «ጭ» የምትል ነገር ትሰማለች። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ላፕቶፑን ተወው፣ እሱ ንፁህ ነው። ሁለቱን ጫፍ ስታገጣጥም አንደኛው ሞገድ ላይ ወጥቶ ሌላኛው ታች ወርዶ ከተገናኙ ስፒከሩ ከላይ ወደ ታች በአንዴ ይዘልላል፣ ያቺ «ጭ» እሷ ናት። ኦዳሲቲ ላይ ሴሌክት ያረግከው ሳይለቀቅ «ዜድ» ን ተጫን፣ ጫፎቹን ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ቅርብ ቦታ ያስጠጋልሃል። ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ «ሲ» ን ተጫን፣ ሳይቆርጥ ቢቆረጥ ምን እንደሚመስል ያሰማሃል፣ ከፊት 2 ሰከንድ፣ ከኋላ 1 ሰከንድ። ይሄን በተን ሳያውቁ ዓመታት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

እሱ ካልበቃ መጋጠሚያው ላይ አጭር ፌድ አርግ፣ አንዱ እየወረደ ሌላው እየወጣ። ከላይ ያነሳኋቸው ቴክኒሻን ቴፑን ቀጥ አርገው አይቆርጡትም ነበር፣ በ45 ዲግሪ አጋድመው ነው። የቴፑ ወርድ 6.3 ሚሊሜትር ነው፣ ተጋድሞ ሲቆረጥ መጋጠሚያው በቁመትም ያንኑ ያህል ይረዝማል፣ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ሲሄድ ወደ 17 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። በዛች ጊዜ አንዱ እየለቀቀ ሌላው እየተካ ያልፋል። አንተም ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ብታረገው ይበቃሃል፣ ከዛ ካስረዘምከው ፊደሎቹን መብላት ይጀምራል፣ ከዛ ውሃው ይጠጣል።

ጥያቄ፦ በስልክ ብቻ ነው የምሠራው፣ ኮምፒውተር የለኝም። ስክረብ ይቻላል?

መልስ፦ አፑ ላይ ነው የሚወሰነው። መስመሩን በጣትሽ ስትጎትቺ ድምፅ የሚሰጡም አሉ፣ ዝም የሚሉም አሉ፣ ከማውረድሽ በፊት አንድ ድምፅ ከፍተሽ ጎትተሽ ሞክሪው። ዝም የሚል ከሆነ በሁለት ጣት እስከመጨረሻው ዙም አርጊ፣ ከቃሉ ትንሽ ቀደም ብለሽ ፕሌይ፣ ስቶፕ፣ ፕሌይ፣ ስቶፕ እያልሽ ተጠጊያት፣ አድካሚ ነው ግን ይሠራል። ጣትሽ ስክሪኑ ላይ የምትሸፍነው ቦታ ብቻውን ስንት ፊደል እንደሚውጥ አስቢና ሁልጊዜ ከምታስቢው ትንሽ አስተርፈሽ ቁረጪ፣ የተረፈ ይቆረጣል። እና ከመጀመርሽ በፊት ቀረጻውን ዱፕሊኬት አርጊ፣ አንዱን አትንኪው።

ጥያቄ፦ ኦዳሲቲ ላይ እየሠራሁ መብራት ሄደ፣ ሴቭ አላረግኩም ነበር፣ ሁለት ሰዓት ሥራ። አለቀልኝ?

መልስ፦ መልሰህ ክፈተው፣ «ሪከቨር» የሚል መስኮት ይዞ ይመጣል፣ እሺ በለው። ብዙ ጊዜ ሥራህን ሳይጎድል ነው የምታገኘው። የላፕቶፕህን ባትሪ ግን እባክህ ቀይረው።